መርፌው የቆመ ዕለት

መርማሪዋ የተጠራችው ቅዳሜ ወደ ማምሻው ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስትሮጥ ከርማ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ገና ሶፋው ላይ ከመስቀሏ ስልኩ ጮኸ። ሳጅኑ ነበር።

«አንድ ሽማግሌ ጋራዣቸው ውስጥ ሞተው ተገኝተዋል፤ የመኪና ጭስ ነው። አደጋ ይመስላል፤ ግን እርስዎ ቢያዩት ይሻላል» አላት።

«አደጋ ከመሰለህ እኔን ምን አመጣኝ?»

«እኔ እንጃ፣ ኢንስፔክተር። ቤቱ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው የለም።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ጫማዋን መልሳ አጠለቀች።

ሟቹን ሰፈርተኛው «ፈታኙ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩ፤ ከአጠገብ ወንበር ተቀምጠው ስንቱን ጎልማሳ በላብ ያጠመቁ፣ የገዛ ወንድ ልጃቸውን እንኳ ደጋግመው የጣሉ ሰው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከትልቋ ልጃቸው ጋር ሁለት ሆነው ይኖሩ ነበር።

ጋራዡ ከመኖሪያ ቤቱ ተነጥሎ ግቢው ጥግ ላይ የቆመ፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነው። ውስጡ የምትቆመው መኪና ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ዕድሜዋ ከሳጅኑ የሚበልጥ አሮጌ መኪና ናት፤ ቀለሟ ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል። ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ተነቅሎ ግድግዳውን ተደግፏል። በቦታው ብርድ ልብስ ተነጥፎ፣ ሽማግሌው በጀርባቸው ተጋድመው፣ ራሳቸው ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ፣ እግራቸው በተከፈተው በር ወጥቶ ነበር። ደረታቸው ላይ ያለው የእጅ ባትሪ ሲበራ ውሎ ደክሟል። የመኪናዋ ቁልፍ ከመሪው በስተግራ እንደተከፈተ ነው፤ ሞተሩ ግን ጠፍቷል። የቤንዚኑ ልክ ባዶ ይላል። ከፍጥነት መለኪያው ጎን ሌላ ክብ ሰዓት አለ፤ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ፣ «ጭሱ ነው» አለ። «ራስ ያዞራል፣ ጉልበት ያሳጣል፣ ከዚያ ያስተኛል። ሌላ ምልክት የለባቸውም። ከንፈራቸውን አየሽው? እንዲህ የሚቀላው በጭስ ሲሞቱ ነው።»

«ሳይታገሉ?»

«ሳያውቁት ነው የሚሆነው።»

ዝናቡ በአግድም ይገባል። ሳጅኑ እንዳያርሳቸው የጋራዡን በር በጠርዙ ይዞ ወደ ውስጥ ሳበና ዘጋው። በሩ ሲጢጥ ብሎ መልሶ ተከፈተ። ደግሞ ዘጋው፤ ደግሞ ተከፈተ። «ይቺ ደግሞ እንደ አማቴ አፏ አይገጥምም» ብሎ አጉረመረመ፤ በኋላም እንደያዛት ቆመ። መርማሪዋ በሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከውስጥ በኩል ልሙጥ እንጨት ነው፤ ማንጠልጠያም፣ ምስማርም፣ ገመድም የለው። ከውጭ በኩል ግን ወፍራም መቀርቀሪያ አለው።

ምንም ሳትል ወደ ቤቱ ገባች።

ልጃቸው ሳሎኑ ውስጥ እርጥብ ጃኬቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ ነበር። አርባዎቹን የጀመረች፣ ትከሻዋ የወደቀ፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ሴት ናት። የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የሐኪም ረዳት ሆና ትሠራለች።

«ከምሳ በኋላ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ» አለች።

«ቅዳሜ ከሰዓት ይሠራል?»

«አይሠራም። የሕክምና ዕቃ ላጥብ ነው።»

«ብቻዎን ነበሩ?»

«ብቻዬን።»

«ሲወጡ አባትዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ወደ ጋራዥ ሊገባ ነበር። ሞተሩ አልተነሣም።»

«ሲመለሱስ?»

«ዝናቡ ጋብ ሲል መጣሁ። የጋራዡ በር ተዘግቷል። ስስበው ተከፈተ፤ ጭሱ ፊቴ ላይ መጣ። ሞተሩ ቀድሞ ጠፍቷል። ጎረቤታችንን ሲስተርን ጠራሁ፤ ለወንድሜም ደወልኩ።»

«በሩ ተቀርቅሮ ነበር?»

«አይ። እንዲሁ ተዘግቶ ነበር።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ዳሽቦርዱ ሥር ምን ይሠሩ ነበር?»

ሴትየዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ዙር ቆጣሪውን ነዋ። ሞተሩ በደቂቃ ስንቴ እንደሚዞር የሚያሳየውን ሰዓት። ቦቢና የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሺያን አለ፤ እሱ ለሞተሩ አዲሱን ኤሌክትሮኒክ ካስገባለት ጀምሮ መርፌው እምቢ አለ። ስንት ወር ሆነው። ከሥራ ስመጣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ‹ነይ ተቀመጪ› ይለኛል። ‹ስጪ› ሲል ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ‹ልቀቂ› ሲል እለቃለሁ። ‹ስንት ሆነ?› ይለኛል፤ ‹ዜሮ› እለዋለሁ። ‹በደንብ እዪ!› ይላል። በደንብ አያለሁ፤ ዜሮ ነው። እራት የምንበላው ከዚያ በኋላ ነው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ያጽናዎት» አለች መርማሪዋ እየተነሣች።

«አሜን። ምኞቱ ያ መርፌ ነበር፤ ቆሞለት ሞተ። ስንቱ ምኞቱ ሳይሞላ ይሄድ የለ?»

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆም አለች። ፊቷን ሳታዞር፣ «እውነትዎን ነው» ብላ ወጣች።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሲስተርን ቤቷ ሄዳ አገኘቻት። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ የማእድ ቤቷ መስኮት ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል።

«የሞተር ድምፅ ሰምተው ነበር፣ ሲስተር?»

«መቼ ሳልሰማ ቀርቼ አውቃለሁ፣ ልጄ! ትናንትማ ዝናቡም ሞተሩም አንድ ላይ ሆኑብኝና መስኮቴን ዘግቼ ሬዲዮ ከፈትኩ።» እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ዘጋሁት እንጂ። ምናለ ከፍቼ ብጮኽባቸው ኖሮ? ሌላ ጊዜ እጮኽ አልነበር!»

«የሰው ድምፅስ?»

«በዚያ ዝናብ? የራሴንም አልሰማ።»

«ብቻቸውን ተጋድመው መሥራት ይችሉ ነበር?»

«መጋደሙንስ ይጋደማሉ። መነሣቱ ነው ችግሩ። ወገባቸው እኮ አልቋል! አንዴ ከተኙ ሰው እጃቸውን ይዞ ካልጎተታቸው አይነሡም። ልጅቷ ሥራ ላይ ስትሆን እኔ ራሴ ስንቴ ሄጄ አንሥቻቸዋለሁ።»

«ዙር ቆጣሪውስ? ተሠርቶላቸው ነበር?»

ሲስተር እያዘነችም ቢሆን ፈገግ አለች። «በሥራዬ ብዙ ሙት አይቻለሁ፣ ልጄ፤ እንደዚያ መርፌ የሞተ ግን አላየሁም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገር ማመላለስ አይሁንብኝና፣ ትናንት ጠዋት ወንድ ልጃቸው መጥቶ ‹ይህችን መኪና አንድ ቀን በእሳት አያይዛታለሁ!› ሲል ግቢው ሁሉ ሰምቷል።»

ወንድ ልጃቸው የሒሳብ መምህር ነው። በሟቹ ሳሎን፣ አባቱ ይቀመጡበት የነበረውን ወንበር እየሸሸ ጥጉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ብያለሁ» አለ፣ ገና ሳትጠይቀው። «ጮኼአለሁም። ግን ስለ መኪናዋ አልነበረም፤ ስለ እህቴ ነው።»

«ምን ሆኑ?»

«የክሊኒኩ ባለቤት ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፤ እሷ እንድትመራው ይፈልጋል። ሰውየው እሷን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ለአባዬ ነገረችው። ‹መርፌው ይቁም፣ ያኔ እንነጋገራለን› አላት። እንደ ቀልድ ነበር የጀመረው። ከዚያ በኋላ አፏን በከፈተች ቁጥር መልሱ ያው ሆነ፦ መርፌው ይቁም። ትናንት ‹መርፌህ የሚቆመው እሷ ስትሸብት ነው› አልኩት። አባረረኝ።»

«ከሰዓትስ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። የተማሪዎች ፈተና ሳርም።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ሚስቴ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነበር።» ላቡን ጠረገ። «አውቃለሁ፤ ጥሩ መልስ አይደለም።»

«መርፌው ቆሞ ያውቃል?»

«የቱ? የዙር ቆጣሪው? የት አባቱ!» አለ በምሬት። «እስከ ዕለተ ሞቱ ዜሮ ነበር።»

መርማሪዋ ለመውጣት ተነሥታ፣ እንደገና ተቀመጠች። «አባትዎ እርስዎ ጋ መጥተው መኖር ይችሉ አልነበረም? እህትዎ እንዲሄዱ?»

መምህሩ ዓይኑን ሰበረ። «ቤቴ ጠባብ ነው» አለ። ቀጥሎም፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «እንዲህ ስል ነው የኖርኩት» አለ።

ቦቢናን ያገኘችው ሱቁ ውስጥ፣ በሽቦ ጥቅልሎች መካከል ነው። ቦቢና ማለት ቤንዚኑን ለሚለኩሱት ካንዴላዎች እሳት የሚያመነጨው የመኪና ዕቃ ነው፤ ሰውየውም ቶሎ ስለሚግል ስሙ ወጥቶለታል። ትክክለኛ ስሙን እናቱም የረሳችው ይመስላል።

«ገደልካቸው ልትይኝ ነው?» አለ ገና ሲያያት።

«ገደሏቸው እንዴ?»

«ገደልክ ይሉኝ የነበሩትስ እሳቸው ናቸው! ‹መኪናዬን ገደልካት› ነበር የሚሉኝ። ምን በድዬ? ድሮ በውስጧ ፑንቲና ነበራት። ፑንቲና ትንሽ ብረት ናት፤ እየተከፈተች እየተዘጋች ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ታቋርጣለች። እየተበላች፣ እየቆሸሸች መንገድ ላይ ስታስቆማቸው ‹አዲሱን ኤሌክትሮኒክ አስገባልኝ› አሉ፤ አስገባሁ። ሞተሯ እንደ ሙሽራ ሆነች። መርፌው ሞተ።»

«ለምን?»

«ያ ዓይነቱ ዙር ቆጣሪ፣ ኢንስፔክተር፣ ድልድይ ላይ ቆሞ ሰው እንደሚቆጥር ዘበኛ ነው። ኤሌክትሪኩ በጀርባው በኩል ሲያልፍ እየቆጠረ ነው መርፌውን የሚያነሣው። ከፑንቲና የሚመጣውን አካሄድ ያውቀዋል። ከኤሌክትሮኒኩ የሚመጣውን አያውቀውም፤ ስለዚህ አይቆጥረውም። ሆዱን ከፍተሽ አዲስ መቁጠሪያ ካላስገባሽለት፣ ከዚያ ከቦቢናው አንድ ቀጭን ሽቦ ካልሳብሽለት፣ ዓመት ብትለፊ ከንቱ ነው። ይህን ስንቴ ነገርኳቸው! እሳቸው ግን ሽቦ ሲያጠብቁ፣ ሲፈቱ ከረሙ።»

«ታዲያ መቁጠሪያው ተገኘ?»

«ትናንት ጠዋት አደረስኩላቸው። ‹እኔ ልግጠመው፣ ጋሼ› ብላቸው፣ ‹አንተ ያበላሸኸውን አንተ አትነካውም› ብለው ዕቃውን ተቀብለው በሩን ዘጉብኝ። መጥፎ ሰው አልነበሩም እኮ። ብቻ ሁሉም ሰው ፈተና ላይ ያለ ይመስላቸው ነበር።»

«ገጥመውት ነበር?»

«በምን ላውቅ! ከዚያ ወዲህ አላየኋቸው።»

መርማሪዋ ዓይኗን በጣቶቿ ጨምቃ ያዘች። መልሱን ካወቀችው ቆይታለች፤ ማወቋ ግን ጉልበት አልሰጣትም። «ትንሽ ቤንዚን ይዘው ከሰዓት ወደ ቤታቸው ይምጡ» አለችው።

ከሰዓት ፀሐይ ወጣ። ጋራዡ ደጃፍ አራቱም ተሰበሰቡ፦ ልጅየዋ፣ ወንድሟ፣ ሲስተርና ቦቢና። ሳጅኑ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ሁላችሁም ደክማችኋል፤ እኔም ደክሞኛል» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። በመጀመሪያ አንድ ነገር እንይ። ቦቢና፣ ቤንዚኑን ይጨምሩና ያስነሧት።»

ቦቢና ቤንዚኑን ጨመረ፤ ከመሪው ኋላ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አሳለ፣ አጉረመረመ፣ ተነሣ። ዜሮ ላይ ተኝቶ የነበረው መርፌ ብድግ ብሎ ወጣና ሺህ ላይ ሲደርስ ሳይንቀጠቀጥ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ኧረ በስማም!» ቦቢና መሪውን በሁለት እጁ መታ። «ሽማግሌው ገጥሞታል! በትክክል ገጥሞታል!»

መምህሩ በመኪናዋ መስኮት አንገቱን አስገባ። «ሠራ እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ሲስተርም መነጽሯን ፍለጋ ኪሷን እየዳበሰች ቀረበች።

መርማሪዋ መርፌውን አላየችም። ሰዎቹን ነበር የምታየው። ከአራቱ አንዷ ንቅንቅ አላለችም፤ ዓይኗን ከሲሚንቶው ወለል አላነሣችም።

«ይበቃል፤ ያጥፉት።»

ጸጥ ሲል መርማሪዋ ወደ በሩ ሄደች። «ሳጅን፣ እስቲ ይህን በር ዝጋው።»

ሳጅኑ ስቦ ዘጋው። ሲለቀው በሩ ሲጢጥ እያለ ተከፈተ። ሲስተርና ቦቢና ተያዩ።

«በሩ ዘሟል። ከውጭ ካልተቀረቀረ ተዘግቶ አይቆይም። ከውስጥ ደግሞ የሚያዝበት ነገር የለውም። ሽማግሌው ከውስጥ ሆነው ሊዘጉት አይችሉም። ነፋስም አልዘጋውም። ክፍት ሆኖ ቢሆን ደግሞ ጭሱ በወጣ፣ እሳቸውም በተረፉ ነበር። እንግዲህ እሳቸው ውስጥ ተጋድመው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አንድ ሰው በሩን ከውጭ ቀረቀረው። በኋላም ያው ሰው ከፈተው። ትናንት ማታ ሳጅኑ ‹አደጋ ነው› ሲለኝ፣ ይህ በር ‹አይደለም› እያለኝ ነበር።»

«ማን?» አለ መምህሩ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እሱን መርፌው ይነግረናል። አባትዎ ተጋድመው የነበሩት እዚህ ነው፤ ከዳሽቦርዱ ሥር። ከዚህ ሆነው የሚታያቸው የሰዓቱ ጀርባ እንጂ ፊቱ አይደለም። ስለዚህ ሁልጊዜም ሥራው የሁለት ሰው ሥራ ነበር፦ አንዱ ይጋደማል፣ ሌላው ከመሪው ኋላ ተቀምጦ እያየ ይነግረዋል። ትናንትም እንደዚያው ነበር። ያ ሁለተኛው ሰው መርፌው ሲቆም አየ፤ ከመኪናው ወረደ፤ ወጣ፤ ቀረቀረ። ሟቹ ደግሞ ያለ ሰው እርዳታ ከወለሉ መነሣት አይችሉም፤ ቁልፉም ከመሪው ወዲያ ማዶ ነው። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ይህን ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ አልነበርኩም!» ቦቢና ደረቱን መታ።

«አልነበሩም። መቁጠሪያው ተገጥሞ እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር። ሲስተርን ስጠይቃቸው እንደዚያ መርፌ የሞተ አላየሁም አሉኝ። መምህሩ እስከ ዕለተ ሞቱ ዜሮ ነበር አሉ። አሁንም ሲነሣ ሦስታችሁም እንደ ሕፃን ተንጋግታችሁ አያችሁት። ልክ ናችሁ፤ መቁጠሪያው ቤት የደረሰው ትናንት ጠዋት ነው፤ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። ሰዎች ሲደርሱ ደግሞ ቤንዚኑ አልቆ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መርፌው ወደ ዜሮ ተመልሷል። መርፌው የቆመው በመካከሉ ብቻ ነው፤ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ። ይህን የሚያውቅ ያን ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ልጅየዋ ዞረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እርስዎ ትናንት ማታ ‹ምኞቱ ያ መርፌ ነበር፣ ቆሞለት ሞተ› አሉኝ።»

«ገጥሞት ሳየው…» አለች ልጅየዋ ቀስ ብላ። «ሠርቶለታል ብዬ ገምቼ ነው።»

«ሊሆን ይችላል። ግን በሩም ‹እንዲሁ ተዘግቶ ነበር› ብለውኛል። እንዲሁ የሚዘጋ በር አይደለም።»

ወንድሟ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። «እንዳልሆነ ንገሪያት» አላት። «እባክሽ፣ እንዳልሆነ ንገሪያት።»

እሷ ግን ድንጋይ ላይ የምትቀመጥበት ቦታ ፈልጋ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ቆማ የኖረች ሰው አቀማመጥ ነበር።

«እኔ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች። «መርፌው ሲነሣ ጮህኩ። ‹አባዬ፣ ቆመ! ሺህ ላይ ቆመ!› አልኩት። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ዘመን ሆኖኛል። ‹በል እንግዲህ፣ አባዬ› አልኩት፤ ‹መርፌው ቆሟል፣ እንነጋገር›። እሱ ምን አለኝ? ‹ነገ የፍጥነት መለኪያውን እንፈታዋለን፤ እሱም ትንሽ ይዋሻል› አለኝ።»

ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ቀጠለች።

«አልተናደድኩም። ሰው ይናደዳል ብላችሁ ታስባላችሁ አይደል? ደከመኝ ብቻ። ወረድኩ። ዝናብ ነበር። በሩን ዘጋሁና ቀረቀርኩት። የማደርገውን ሳላውቅ ነው ብል ውሸት ነው፤ አውቀው ነበር። ልሄድ ስል ከውስጥ ጠራኝ። ‹አሁንስ ስንት ላይ ነው?› አለኝ። አሁንም ወንበሩ ላይ ያለሁ መስሎታል።»

«ምን አልሽው?» አለ ወንድሟ በሹክሹክታ።

«‹ሺህ ላይ ነው፣ አባዬ› አልኩት። ከውጭ ሆኜ። ‹ጎበዝ› አለኝ። በዕድሜዬ ጎበዝ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።» መዳፏን አየች። «ከዚያ ክሊኒክ ሄጄ የታጠበውን ዕቃ ደግሜ አጠብኩ። አጥቤ ስጨርስ ልመለስና ልከፍት አሰብኩ። አጥቤ ስጨርስ ግን ደግሜ አጠብኩት።»

ሲስተር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መምህሩ ከእህቱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሊያቅፋት እጁን አነሣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ቤቴ ጠባብ አልነበረም» አለ። «ጠባብ አልነበረም።» እሷም እንደ ታላቅነቷ ራሱን ዳበሰችለት። «ተው በቃ» አለችው። «ምሳ በልተሃል?»

መርማሪዋ ጥቂት ጠበቀቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችላት። «ተነሺ፣ እህቴ። እንሂድ።» እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ስትላት ነበር፤ የለወጠችው ሳይታወቃት ነው።

ልጅየዋ እጇን ይዛ ተነሣች። ካቴና አላስገቡላትም።

በፖሊሱ መኪና የኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሳጅኑ ይነዳል። የመጀመሪያውን አደባባይ ሳይሻገሩ የልጅየዋ ራስ ዘንበል ማለት ጀመረ፤ አንዴ ደንገጥ ብላ ተመለሰች፤ ሁለተኛው ላይ ግን የመርማሪዋ ትከሻ ላይ ዐርፎ ቀረ። አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ ከባድና ረጅም ትንፋሽ እየተነፈሰች፣ ሕፃን እንደሚተኛ ተኛች።

ሳጅኑ በመስተዋቱ አይቷቸው፣ «ልቀስቅሳት? ደርሰናል እኮ» አለ።

«አትቀስቅሳት» አለች መርማሪዋ። ትከሻዋ ደንዝዟል፤ አላነቃነቀችውም። «በዚያ በኩል ዙርና ቀስ ብለህ ንዳ።»